ሜዳ ላይ የሚችል፣ አስፋልት ላይ የሚደነግጥ ሰልጣኝ፦ ለአንድ የሞተር ሳይክል አሰልጣኝ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ሐዋሳ ውስጥ ሞተር ሳይክል አሰለጥናለሁ። ሰልጣኞቼ ሜዳ ላይ ስምንት ቁጥሩንም በኮን መሃል መሽሎክለኩንም አሳምረው ይሠራሉ። አስፋልት ስንወጣ ግን ይደነግጣሉ፤ የፊት ፍሬን አይነኩም፣ መታጠፊያ ላይ እየሰፉ ወደ ሌላው መስመር ይገባሉ፣ ማርሽ ሲቀይሩ ወደ እግራቸው ያያሉ። ቀኑን ሙሉ እየጮህኩ ብናገርም ለውጥ የለም። አሠለጣጠኔ ላይ ምን ላስተካክል?»

ምላሽ፦

መጀመሪያ የሚለወጠው የሚናገሩበት ሰዓት ነው። ሞተር ላይ የተቀመጠ ጀማሪ ግራ እጁ ፍሪሲዮን (ክላች)፣ ቀኝ እጁ ጋዝና የፊት ፍሬን፣ ግራ እግሩ ማርሽ፣ ቀኝ እግሩ የኋላ ፍሬን ላይ ነው። በዚያ ላይ ሚዛኑን ይጠብቃል፣ መንገዱን ያያል። በዚህ መሃል «ፍሪሲዮን! ቀና በል! ማርሽ ቀንስ!» የሚል ድምፅ ሲደርሰው ከያዛቸው ሥራዎች አንዱን መልቀቁ አይቀርም። አብዛኛውን ጊዜ የሚለቀው እይታውን ነው፤ ፊቱን ወደ ተናጋሪው ያዞራል፣ ሞተሩም እይታውን ተከትሎ ከመስመሩ ይወጣል። ከዚያ አሰልጣኙ ይበልጥ ይጮሃል፣ ሰልጣኙ ይበልጥ ይደርቃል።

ስለዚህ ሰልጣኙ እየነዳ ሳለ ዝም ይበሉ። ሊነሳ ሲል አንድ ነገር ብቻ ይንገሩት፤ ሁለት አይሁን። ሞተሩ ሲንቀሳቀስ የሚፈቀደው ቃል «ቁም» ብቻ ነው፤ እሱንም ከተዘረጋ መዳፍ ጋር አስቀድመው ይስማሙበት። ሌላው ሁሉ ዙሩን ጨርሶ፣ ፎሌ (ማርሹን ባዶ) አስገብቶ፣ ሁለት እግሩን መሬት አድርጎ ሲቆም ይደርሳል።

ሲቆምም አስተያየት ከመስጠትዎ በፊት ይጠይቁ። «እንዴት ነበር?» የሚለው አይጠቅምም፤ መልሱ ሁልጊዜ «ጥሩ ነው» ነው። ጥያቄው ከሞተሩ ጋር የተያያዘና መልስ ያለው ይሁን፦ «ስትቆም የፊት ሾኩ (የፊት ጎማውን ንዝረት የሚያለዝበው) ምን ያህል ወረደ?»፣ «ሦስተኛው ኮን ጋ ስትደርስ የት ታይ ነበር?»፣ «ሞተሩ ሊጠፋ ሲል ድምፁ ምን ሆነ?» ሰልጣኙ መልሱን ካላወቀ አይንገሩት፤ ያንኑ ዙር ይድገምና ተመልሶ ይመልስ። አስፋልት ላይ ብቻውን ሲሆን የሚነግረው የለም። የሚያድነው ሞተሩ የሚያወራውን ራሱ መስማት መቻሉ ነው፤ በየዙሩ ፍርዱን ከእርስዎ አፍ የሚጠብቅ ከሆነ ግን ያ ችሎታ አያድግም።

የአነጋገሩም ዓይነት ለውጥ ያመጣል። የሰውነት እንቅስቃሴን በሚማሩ ሰዎች ላይ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በጋብሪኤሌ ቩልፍና በባልደረቦቿ የተካሄዱ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ተማሪው በገዛ እጅና እግሩ ላይ ከሚያተኩር ይልቅ እንቅስቃሴው በውጭ በሚያመጣው ውጤት ላይ ሲያተኩር ቶሎ ይማራል፣ የተማረውም ይቆይለታል። ወደ እኛ ሥራ ስናመጣው፣ «ክርንህን እጠፍ፣ ትከሻህን ልቀቅ» ከማለት «መሪው በራሱ ሲንቀሳቀስ አትከልክለው» ማለት ይሻላል። «ጣትህን ቀስ አድርገህ ዝጋ» ከማለት ደግሞ «የፊት ሾኩ ሳይዘል ይውረድ» ማለት።

አሁን ወደ ጠቀሷቸው ስህተቶች። አንድ ስህተት የሚታይበትና የሚጀምርበት ቦታ ብዙ ጊዜ የተለያየ ነው። መታጠፊያ ላይ መስፋትን እንውሰድ። ሰልጣኙ የሰፋው መውጫው ላይ ስለሆነ እርማቱም እዚያ ላይ ይነገረዋል። መንስኤው ግን ከሚከተሉት አንዱ ነው፦ ወይ ሲገባ ፈጥኗል፣ ወይ የሚያየው ፊት ጎማው ሥር ያለውን አስፋልት ነው፣ ወይ እጆቹ ተገትረው መሪውን አስረውታል። ለመለየት የሚቆሙበትን ቦታ ይቀይሩ። ከኋላው ሆነው ፍጥነቱን እንጂ እይታውን አያዩም። መውጫው ላይ ፊት ለፊቱ፣ ከሞተሩ መስመር ሦስት ሜትር ያህል ወደ ውስጠኛው ጎን ርቀው ይቁሙ፤ ሄልሜቱ ወደየት እንደዞረና ክርኖቹ እንደታጠፉ በግልጽ ይታይዎታል።

እይታው ከሆነ ምክር አያድነውም፤ ሥራ ይስጡት። እዚያው ቆመው ጣቶችዎን ያሳዩት፣ መታጠፊያው ግማሽ ላይ ሲደርስ ቁጥሩን ይቀይሩ፣ እሱ ጮክ ብሎ ይጥራ። ቁጥሩን ለማየት ቀና ማለት የግድ ነው፤ ቀና ሲል ደግሞ ሞተሩ በራሱ ጊዜ ይጠብብለታል። ፍጥነቱ ከሆነ መግቢያው ላይ ኮን አስቀምጠው ፍሬኑም ማርሽ መቀነሱም ከኮኑ በፊት እንዲያልቅ ያድርጉ። እጆቹ ከሆኑ በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ቀጥታ መንገድ ላይ የመሪውን ቀኝ እጀታ በመዳፉ ቀስ አድርጎ ወደ ፊት ገፋ ያድርገው። ሞተሩ ወደ ቀኝ ይጋደማል። በእርምጃ ፍጥነት መሪ የሚዞረው ወደሚሄዱበት አቅጣጫ ነው፤ ከ20 ወይም ከ25 ኪሎ ሜትር በላይ ግን ሞተር የሚታጠፈው በመጋደም ነው፣ የሚጋደመውም በሚታጠፉበት በኩል ያለውን እጀታ በመግፋት ነው። ስምንት ቁጥር ብቻ የተለማመደ ሰልጣኝ ይህን ሁለተኛውን ፈጽሞ አያገኘውም፤ ምክንያቱም ስምንት ቁጥር የሚሠራው በዝግታ ነው። አስፋልት ላይ የሚሰፉት አንዱ ምክንያት ይኸው ይመስለኛል።

የፊት ፍሬን ፍርሃት ሰፋ ያለ ቦታ ይፈልጋል፤ ሰው የሚሞትበት ጉዳይ ነውና። ፍርሃቱ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ቀን ነው። ሰልጣኙ በእርምጃ ፍጥነት መሪውን አዙሮ ሳለ ይደነግጥና የፊት ፍሬኑን ጭምቅ ያደርጋል፤ ሞተሩም ወደ ዞረበት ጎን ዘጭ ይላል። አሰልጣኙ «የፊቱን አትንካ አላልኩህም!» ይለዋል። ያ ምክር ለዚያች ደቂቃ ትክክል ነው፤ በ50 ኪሎ ሜትር ላይ ግን ገዳይ ነው። ሰልጣኙ ሁለቱን የሚለይበት መንገድ ስላልተሰጠው ፍርሃቱን ይዞት አስፋልት ይወጣል። ሕጉን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይስጡት፦ መሪው ዞሮ በዝግታ ስትሄድ የኋላውን፣ ሞተሩ ቀጥ ሲል ሁለቱንም፣ ብዙውን ከፊት።

እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የሎስ አንጀለስ ጥናት ወደ 900 የሚጠጉ የሞተር ሳይክል አደጋዎችን በቦታው መርምሮ ያገኘው ይህንኑ ነው፤ አደጋ የገጠማቸው ነጂዎች የኋላውን ከልክ በላይ ረግጠው ጎማውን ያስሩታል፣ የፊቱን ግን በቂ አድርገው አይዙም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ የኋላ ጎማ ይቀላል፣ የቀለለ ጎማ ደግሞ ቶሎ ይታሰራል። የፊቱ በተቃራኒው መሬቱን ይበልጥ ይጨብጣል፤ ግን ክብደቱ እስኪደርስለት ቅጽበት ያህል ጊዜ ይፈልጋል። በድንገት የተያዘ የፊት ፍሬን የሚጥለው ያን ጊዜ ስላላገኘ ነው።

ይህን በቃል ከመተንተን በፊት ሞተሩን አጥፍተው በእጅ እየገፋ ራሱ እንዲያየው ያድርጉ። ፎሌ ላይ ሆኖ ሰልጣኙ ከጎኑ እየተራመደ መጀመሪያ ሁለት ጣት የፊት ፍሬን እጀታ ላይ ያድርግ፣ ክፍተቱን ብቻ ይዝጋ፣ ቀጥሎ ይጭመቅ። ሾኩ ሲወርድ በዓይኑ ያየዋል። አምስት ስድስት ጊዜ ይደጋግመው። ከዚያ ተቀምጦ በ20፣ ቀጥሎ በ30 ኪሎ ሜትር ይሞክር፤ ሁልጊዜም መንካት፣ ከዚያ መጭመቅ። አራት ጣቱን በአንዴ የሚዘጋ ሰልጣኝ ካለ ጉልበቶቹን ይመልከቱ፤ የነዳጅ ጋኑን ካልያዘባቸው ሲቆም ገላው ወደ ፊት ይንሸራተታል፣ ክብደቱም እጆቹ ላይ ስለሚወድቅ ሳይፈልግ ይጨምቃል። እዚህ ላይ መታረም ያለባቸው ጉልበቶቹ ናቸው፤ ጣቶቹ ይከተላሉ።

ርቀቱን በሜትር ይለኩት። በ30 ኪሎ ሜትር መጥቶ የፊት ጎማው ኮኑ ጋ ሲደርስ ፍሬን የሚይዝ ሰልጣኝ፣ ደረቅ አስፋልት ላይ ሁለቱንም በደንብ ከተጠቀመ 7 ሜትር አካባቢ ላይ ይቆማል። የኋላውን ብቻ ከረገጠ ከ11 እስከ 12 ሜትር ይወስድበታል። ልዩነቱን በኖራ ምልክት አድርገው ያሳዩት፤ በሁለቱ ምልክቶች መሃል አንድ መኪና ሊቆም ምንም አይቀረውም። ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር የመቆሚያ ርቀቱ በአራት እጥፍ እንደሚጨምርም እዚያው ይንገሩት። የትንንሽ ሞተሮች ፍጥነት መለኪያ ስለሚዋሽ፣ ከኮኑ በፊት ሁለት ምልክት በ10 ሜትር ልዩነት አድርገው በስልክ ይቅረጹ፤ 30 ኪሎ ሜትር ማለት 10 ሜትሩን በ1.2 ሰከንድ ማለፍ ነው።

የሚበላሸው ምን እንደሆነም ይወቅ። የፊት ጎማ ከታሰረ ወዲያው መልቀቅና እንደገና በለስላሳው መያዝ ነው። የኋላው ታስሮ ጅራቱ ወደ ጎን ከወጣ ግን በድንገት መልቀቅ ሞተሩ ተፈናጥሮ እንዲወረውረው ያደርጋል፤ ቀና ብሎ ወደ ፊት እያየ እስኪቆም ይዞት ይቆይ። ጠጠር፣ እርጥብ ኮብልስቶን፣ የመጀመሪያው ዝናብ ከአቧራና ከዘይት ጋር ያቦካው አስፋልት ላይ የፊቱ ይያዛል፣ ግን በግማሽ ኃይል፤ ርቀቱም አስቀድሞ ይሰፋል።

ሜዳ ላይ ችለው መንገድ ላይ ለሚጠፋባቸው ዋናው መልስ ደግሞ የልምምዱ ቅደም ተከተል ውስጥ ነው። ስምንት ቁጥርን ሃያ ጊዜ፣ ከዚያ ፍሬንን ሃያ ጊዜ ማሠራት የተለመደ ነው፤ ሃያኛው ዙር ላይም ሁሉም ጎበዝ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1979 ሺ እና ሞርጋን የተባሉ ተመራማሪዎች ያሳዩት ነገር ይህን ያብራራል፦ አንዱን እንቅስቃሴ ደጋግመው የተለማመዱ ሰዎች በልምምዱ ሰዓት ይበልጣሉ፤ እያደባለቁ የተለማመዱት ግን ቆይተው ሲፈተኑ ይበልጣሉ። መንገድ ፍሬንን ሃያ ጊዜ በተከታታይ አይጠይቅም፤ አንዴ ይጠይቅና ወደ ሌላ ይሄዳል። ስለዚህ አንዱ እንቅስቃሴ እንደገባው፣ ሦስት አራት ዙር ከተሳካለት በኋላ፣ ይቀላቅሉት። ተነሥቶ ሁለተኛ ማርሽ ያግባ፣ ወደ ቀኝ ይታጠፍ፣ እርስዎ መዳፍ ሲያሳዩት በሁለቱም ፍሬን ይቁም፣ ከቆመበት ወደ ግራ ይነሣ። በሚቀጥለው ዙር ቅደም ተከተሉ ይለወጥ፣ መዳፉም እሱ ያልጠበቀበት ቦታ ላይ ይታይ። ስህተቱ ይበዛል፤ ይህን አይቶ ወደ ድሮው የሚመለስ አሰልጣኝ ብዙ ነው። አይመለሱ። ዕለቱ ደስ አይልም፣ ሳምንቱ ግን ይለያል።

ወደ እግር የማየቱ ነገር ብዙ ጊዜ ከሞተሩ ዝግጅት ይነሳል። የማርሽ ማንሻው ለሰልጣኙ ጫማ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ እግሩ እየፈለገ ነው፤ ዓይኑም ይከተለዋል። ሁለት ደቂቃ ወስደው ማንሻውን በልኩ ያስተካክሉ። የፍሪሲዮኑ እጀታ ጫፍ ላይ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይኑረው፤ ካነሰ ፍሪሲዮኑ ሊንሸራተት ይችላል፣ ከበዛ ደግሞ እጀታው ተይዞም ሞተሩ ወደ ፊት ይጎትታል። እጇ ትንሽ የሆነ ሰልጣኝ ካለች የእጀታውን አቀማመጥ ወደ ታች አዙረው ጣቷ ሳትዘረጋ እንዲደርስ ያድርጉ። ሚኒሞው (ጋዝ ሳይሰጥ ሞተሩ የሚሠራበት ዝቅተኛ ዙር) ሳይረጋጋ ደግሞ የፍሪሲዮን ልምምድ አይጀምሩ። ጋዝ ሳይሰጥ፣ በሚኒሞ ብቻ፣ አንደኛ ማርሽ ላይ ግማሽ ሜትር መሄድና መልሶ መያዝ ነው የመጀመሪያው ሥራ፤ አሥራ አምስት ጊዜ ያህል። ሞተሩ የሚጠፋበት ሰልጣኝ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ሞተሩ መንቀሳቀስ ሲጀምር እጀታውን ባንዴ የሚለቅ ነው፤ «ሲነሣ ሁለት ሰከንድ እዚያው አቆየው» ይበሉት።

የማርሽ አቀማመጥ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አንዳንድ ሞተሮች ማርሻቸው ሁሉም ወደ ታች እየተረገጠ ይጨምራል፤ ሌሎቹ አንደኛ ወደ ታች፣ የቀረው ወደ ላይ ነው። በመጀመሪያው ተምሮ ሁለተኛውን የሚነዳ ሰው ለመጨመር ሲረግጥ ማርሽ ይቀንሳል፣ የኋላ ጎማውም ይታሰራል። ማሰልጠኛው ውስጥ ሁለቱም ዓይነት ካለ በየሞተሩ ጋን ላይ ወረቀት ይለጥፉ፣ ሰልጣኙም ከመነሣቱ በፊት ሞተሩ ጠፍቶ እያለ አንድ ዙር ይርገጥ። የኤሌክትሪክ ሞተር ላይ የጀመረ ሰልጣኝ ሌላ ችግር ይዞ ይመጣል፤ እዚያ ግራ እጁ የኋላ ፍሬን ነበር፣ እዚህ ፍሪሲዮን ነው። ሲደነግጥ ግራውን ጨምቆ ሞተሩ አይቆምለትም። እሱን ለብቻው የመቆም ልምምድ ላይ ያቆዩት።

ጋዝ ሳያስበው የሚከፈትበትም አለ። አንጓውን ወደ ታች ሰብሮ፣ ክርኑን ዝቅ አድርጎ የያዘ እጅ፣ ሞተሩ ወደ ፊት ሲወረወርና ገላው ወደ ኋላ ሲቀር ጋዙን ይበልጥ ይከፍታል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንጓው ቀጥ ብሎ ይያዝ፣ የማምለጫው ምላሽም ፍሪሲዮን መያዝ ይሁን። ይህን በዝግታ እየነዳ ሳለ በምልክት ያለማምዱት፦ እርስዎ ከ«ቁም» መዳፉ የተለየ ምልክት ሲያሳዩ፣ ምንም ሳያስብ፣ ፍሪሲዮን።

አስፋልት ሲወጡ ብዛቱን ይቀንሱ። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ለጀማሪ ነጂዎች ግዴታ በሆነው መሠረታዊ ሥልጠና አንድ አሰልጣኝ ሜዳ ላይ ከአራት፣ መንገድ ላይ ከሁለት በላይ ሰልጣኝ አይዝም። እዚህ በዚያ ልክ መሥራት ባይቻል እንኳ መንገድ ላይ ሁለት የሚለውን አይልቀቁ፤ ሦስተኛውን በመስታወት መከታተል አይቻልም። የመጀመሪያው መንገድ ማለዳ ይሁን፣ ቀኝ መታጠፊያ ብቻ ያለው ዙር ይሁን፤ እኛ በቀኝ ስለምንነዳ ቀኝ መታጠፍ የሌላውን መስመር አያቋርጥም። ቀጥሎ ግራ መታጠፍ፣ ከዚያ አደባባይ። የጆሮ ራዲዮ ከሌለዎት በየ500 ሜትሩ መቆሚያ ቦታ አስቀድመው ይምረጡ። መሬት ላይ በእንጨት ሥለው መንገዱን ሳይወጡ ያስጠኗቸው፤ የት እንደሚታጠፍ የሚያስብ ሰልጣኝ የሚመጣውን አያይም።

በየመቆሚያው የሚጠየቀው ስለ ሞተሩ ሳይሆን ስለ መንገዱ ነው። ወያላው እጁን ሲያወጣ አይተሃል? ሚኒባሱ በቀኝ ሲቆም በሩ በየት በኩል ተከፈተ? ባጃጁ ፍሬቻ ሳያሳይ ሊዞር እንደሆነ ከምን ታውቃለህ? (ከፊት ጎማው ነው፤ ሾፌሩ ሌላ ቦታ እያየ እንኳ ጎማው ቀድሞ ይዞራል።) ከፊት ያለው መኪና አንድ ምሰሶ ሲያልፍ «አንድ ሺህ አንድ፣ አንድ ሺህ ሁለት» ብሎ ቆጥሮ እሱ ከመድረሱ በፊት ሁለቱ ማለቅ አለባቸው፤ ዝናብ ካለ እስከ አራት ይቁጠር።

ሄልሜት ላይ አጭር ነገር። ማሰሪያው ታስሮ፣ ከኋላ በኩል ከሥሩ ይዘው ወደ ፊት ይግፉት፤ ከራሱ ላይ ከወጣ ልኩ አይደለም፣ ሌላ ይስጡት። አንዴ ወድቆ የተመታ ሄልሜት ውጪው ባይሰነጠቅም ውስጡ ተጨፍልቆ ሊሆን ስለሚችል ለሰልጣኝ አይሰጥም። የወደቀ ሰልጣኝን «ፍርሃቱ ሳይገባበት ቶሎ ውጣ» ማለት የተለመደ ነው። ራሱን ካልተመታ ውሃ ጠጥቶ፣ ምን እንደተፈጠረ በራሱ አፍ ተናግሮ፣ ከወደቀበት ቀለል ባለው ልምምድ ይጀምር። ራሱን ከተመታ የዚያን ቀን አይነዳም። ሳይወድቅም ቢሆን ከ45 ደቂቃ በላይ በተከታታይ የነዳ ጀማሪ መማሩን አቁሞ መድከም ጀምሯል፤ ያሳርፉት።

በመጨረሻ፣ ከሜዳ የሚወጣበት መስፈርት በሰዓት ብዛት አይሁን። በ30 ኪሎ ሜትር መጥቶ በ8 ሜትር ውስጥ ጎማ ሳያስር በተከታታይ ሦስት ጊዜ መቆም፣ በ6 ሜትር ስፋት ውስጥ እግር ሳያወርድ መዞር፣ አንገት አዙሮ ወደ ኋላ ሲያይ ከመስመሩ አለመውጣት፣ እግሩን ሳያይ እስከ ሦስተኛ ማርሽ ወጥቶ መመለስ። ለእያንዳንዱ ሰልጣኝ በደብተር አንድ መስመር ይያዙ፦ የታየው ስህተት፣ መንስኤው፣ ለሚቀጥለው የሚሠራው። መስፈርቱን ያላሟላውን የተመዘገበበት ሰዓት ስላለቀ ብቻ ወደ መንገድ አያውጡት። ለማሰልጠኛው ኃላፊም ሆነ ለቤተሰቡ ሲያስረዱ «ገና ነው» ከማለት 8 ሜትር ላይ መቆም ሲገባው 11 ላይ እየቆመ መሆኑን በሜትር ገመዱ ያሳዩ፤ ያን ጊዜ ተጨማሪ ቀን መስጠቱ ብዙ አያከራክርም።